በብርድ ወራት ለበሶብላና ለቃሪያ፦ የቤት ውስጥ መብራት አመራረጥ

በሶብላ በዋሽንግተንም ሆነ በስቶክሆልም መስኮት ሥር ይበቅላል። ችግሩ የሚመጣው ከበቀለ በኋላ ነው። ታኅሣሥ ላይ የተዘራ እንደሆነ ሁለት ቅጠል አውጥቶ ወደ መስታወቱ ይንጠራራል፤ አገዳው እየቀጠነ ይመዘዛል፤ ጥቂት ሳምንታት ቆይቶም ይጋደማል። ብዙ ሰው ውኃ አንሶት ወይም አፈሩ ከፍቶበት ይመስለውና ውኃና ማዳበሪያ ይጨምርለታል፤ ይህ ደግሞ ሥሩን አበስብሶ ሞቱን ያፋጥነዋል። የጎደለው ግን ብርሃን ነው።

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ የምትርቀው 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለሆነ በዓመቱ አጭር በሚባለው ቀን እንኳ ፀሐይ ከ11 ሰዓት ተኩል በላይ ትታያለች። ታኅሣሥ 12 ቀን አካባቢ በዋሽንግተን ዲሲ ቀኑ 9 ሰዓት ተኩል አይሞላም፤ በሚኒያፖሊስ 9 ሰዓት፣ በለንደን 8 ሰዓት አይሞላም፤ በስቶክሆልም 6 ሰዓት ያህል ነው። በዚያ ላይ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ስለምትዞር ጨረሯ ደካማ ነው፤ ከዚያም የመስኮቱ መስታወት የራሱን ድርሻ ይቀንሳል። ጎመንና ሰላጣ፣ ጤና አዳምና በሶብላ በእንዲህ ያለ ቤት የብርዱን ወራት ጠግበው እንዲወጡ ተጨማሪ መብራት ያስፈልጋቸዋል። በእስራኤል ወይም በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖሩ አንባቢዎች ወደ ደቡብ የዞረ መስኮት ካላቸው በአብዛኛው መብራቱን ሊተዉት ይችላሉ።

ኤልኢዲ ዛሬ ርካሽ ነው፤ ገበያው ግን ሰው በሚያሳስት ቁጥር የተሞላ ነው። ካርቶኑ ላይ «1000 ዋት» የተጻፈበት መብራት ከሶኬቱ የሚስበው 100 ዋት ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መብራቱን ከማየትዎ በፊት የሚፈልጉትን የብርሃን መጠን ራስዎ አስልተው ይያዙ። ስሌቱ ከማባዛትና ከማካፈል አያልፍም፤ አንዴ ከሠሩት ሻጭ አያታልልዎትም።

አንደኛ፦ ተክሉንና ቦታውን ይወስኑ

ሁሉም ተክል እኩል ብርሃን አይፈልግም። ሰላጣ፣ ጎመን፣ ድንብላልና በሶብላ መካከለኛ ብርሃን ካገኙ ጥሩ ቅጠል ይሰጣሉ። ጤና አዳምም ፀሐይ ይወዳል፤ ከእነሱ ጎን ቢቀመጥ ይስማማዋል። ቃሪያና ቲማቲም ግን ሁለት ጠባይ አላቸው፤ ችግኝ ሳሉ በጥቂት ይረካሉ፣ ፍሬ እንዲይዙ ሲፈለግ ፍላጎታቸው በእጥፍ ያድጋል። የመጀመሪያ ዓመትዎ ከሆነ ቃሪያን ቤት ውስጥ እስከ ፍሬ ለማድረስ ባይነሡ እመክራለሁ። መብራቱም የኤሌክትሪክ ክፍያውም ይከብዳል፤ ትርፉ ጥቂት ፍሬ ነው። ችግኙን ቤት ውስጥ አፍልቶ ብርዱ ሲያልፍ ወደ ደጅ ማውጣት የተሻለ ዋጋ አለው። በሚኒያፖሊስ አካባቢ ለምሳሌ ውርጩ የሚያበቃው ግንቦት መጀመሪያ ገደማ ስለሆነ ቃሪያውን መጋቢት መጀመሪያ ላይ ቢዘሩ ጊዜው ይገጥማል።

ከዚያ ቦታውን በሜትር ይለኩ። ለዚህ ጽሑፍ ምሳሌ የምወስደው 60 ሳንቲሜትር በ60 ሳንቲሜትር የሆነ መደርደሪያ ነው። ስፋቱ 0.6 ሲባዛ በ0.6፣ ማለትም 0.36 ካሬ ሜትር ነው። አፋቸው 15 ሳንቲሜትር የሆኑ 16 መትከያዎችን ይይዛል፤ ለአንድ ቤተሰብ ሽሮና በርበሬ የሚበቃ በሶብላ ማለት ነው።

ሁለተኛ፦ ትክክለኛውን መለኪያ ይወቁ

የቤት አምፖል የሚሸጠው በሉመን ነው። ሉመን የሰው ዓይን መለኪያ ነው፤ ዓይናችን ይበልጥ የሚያየው 555 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን አረንጓዴ ስለሆነ ሉመንም ለእሱ ያደላል። ተክል ግን ምግቡን የሚሠራው ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ባለው ብርሃን ሁሉ ሲሆን፣ ቁም ነገሩ ስንት የብርሃን ቅንጣት፣ ማለትም ስንት ፎቶን ቅጠሉ ላይ እንዳረፈ ነው። ፎቶን እጅግ ብዙ ስለሆነ የሚቆጠረው በማይክሮሞልና በሞል ነው።

ሦስት ቁጥሮች ይለዩ። መብራቱ በአንድ ሰከንድ በጠቅላላ የሚያወጣው የፎቶን መጠን ፒፒኤፍ ይባላል። በአንድ ሰከንድ አንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፈው ፒፒኤፍዲ ነው። በአንድ ቀን ውስጥ አንድ ካሬ ሜትር ላይ የተጠራቀመው ደግሞ ዲኤልአይ ይባላል፤ የሚለካውም በሞል ነው። የኋለኞቹን ሁለቱን በዝናብ ያስቧቸው፤ ፒፒኤፍዲ የዝናቡ ኃይል ሲሆን ዲኤልአይ እስከ ማታ ማሳው ላይ የወረደው ውኃ ነው። ቀስ ብሎ ቀኑን ሙሉ የዘነበ ዝናብ ለአጭር ጊዜ ከወረደ ዶፍ ሊበልጥ እንደሚችል ሁሉ፣ ለስለስ ያለ መብራትም ረጅም ሰዓት ከበራ ይበቃል። ለቤት ውስጥ ተክል ይህ ትልቅ ዕድል ነው።

ለቃሪያና ለቲማቲም ችግኝ በቀን 10 ሞል ያህል በቂ ነው። ለበሶብላና ለቅጠላ ቅጠል ከ12 እስከ 17 ሞል፣ ፍሬ ለሚይዝ ቃሪያና ቲማቲም ከ20 እስከ 30 ሞል ይታሰባል። ለበሶብላ ከዝቅተኛው ይልቅ ወደ ላይኛው መጠጋት ይሻላል፤ ለቅመም የምንፈልገው ቅጠሉን ብቻ ሳይሆን አበባውንም ጭምር ነውና። እኔ 15 ላይ አቆማለሁ።

ሦስተኛ፦ መስኮትዎ የሚሰጠውን ይለኩ

ይህን እርምጃ አብዛኛው ሰው ይዘለዋል። መብራቱ ተጨማሪ እንጂ ብቸኛ ምንጭ ስላልሆነ መስኮቱ የሰጠውን መቀነስ ያስፈልጋል። ለመለካት ውድ መሣሪያ አያሻም። ስልክዎ ላይ ሉክስን፣ ማለትም አንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፈውን ሉመን፣ የሚለካ መተግበሪያ ይጫኑ፤ ልኬቱ ፍጹም ባይሆንም ለእኛ ሥራ ይበቃል። ስልኩን ቅጠሉ በሚሆንበት ቦታ አስቀምጠው ፊቱን ወደ ላይ አድርገው ጠዋት፣ ቀትርና ከሰዓት በኋላ ይለኩ፤ ደመናማውንም ጥሩውንም ቀን ይያዙ። አማካዩን ያውጡ።

የፀሐይ ብርሃን ሉክስ ለ54 ሲካፈል ፒፒኤፍዲን በግምት ይሰጣል። አማካይዎ 4,000 ሉክስ ቢሆን ለ54 ተካፍሎ 74 ይሆናል። ይህን መስኮቱ ብርሃን በሚያገኝበት ሰዓት ያባዙ፤ 8 ሰዓት እንበል፤ ከዚያ ሰዓቱን ወደ ሰከንድ፣ ማይክሮሞሉን ወደ ሞል በሚቀይረው 0.0036 ያባዙ። 2.1 ሞል ገደማ ያገኛሉ። ለዓይናችን የፈካ የሚመስለው መስኮት ተክሉ ከሚፈልገው 15 ሞል የሰጠው ሁለቱን ብቻ ነው። ዓይን ለጨለማና ለብርሃን ቶሎ ስለሚላመድ በእሱ መፍረድ አይቻልም፤ ተክሉ የተመዘዘው ግን ብርሃኑ ስላነሰው ነው።

አራተኛ፦ ስሌቱን ይጨርሱ

ከ15 ሁለቱን ቀንሰን 13 ሞል ከመብራቱ እንጠብቃለን። መብራቱ በቀን 14 ሰዓት ይበራል እንበል። 14 በ0.0036 ሲባዛ 0.0504 ነው፤ 13 ለ0.0504 ሲካፈል 258 ገደማ ይሆናል። መደርደሪያው ላይ የሚያስፈልገን ፒፒኤፍዲ ይህ ነው። በ0.36 ካሬ ሜትር ሲባዛ 93 ማይክሮሞል በሰከንድ ይሆናል።

ይህ ቅጠሉ ላይ የሚያርፈው ነው። ከመብራቱ የወጣው ሁሉ ግን ተክሉ ላይ አያርፍም፤ ሲሦ የሚጠጋው ወደ ጎን፣ ወደ ግድግዳና ወደ ወለል ይባክናል። ስለዚህ 93ን ለ0.7 ያካፍሉ፤ 133 ይመጣል። ገበያ ይዘው የሚወጡት ቁጥር ይህ ነው፤ ፒፒኤፉ 130 ገደማ የሆነ መብራት። ሌላውን ሁሉ፣ የዋቱን ማስታወቂያም የዳዮዱን ብዛትም፣ ወደ ጎን ይተዉት።

አምስተኛ፦ ካርቶኑን ያንብቡ

በመጀመሪያ መብራቱ በትክክል ከሶኬት የሚስበውን ዋት ይፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ በደቃቅ ጽሑፍ ወይም መብራቱ ጀርባ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ነው። «ይህን ያህል ዋት ይተካል» የሚለው ከቁጥር አይገባም። ቀጥሎ ፒፒኤፉን ይፈልጉና ለዋቱ ያካፍሉት። ውጤቱ መብራቱ በአንድ ዋት በየሰከንዱ ስንት ማይክሮሞል እንደሚያወጣ ይነግርዎታል፤ የአምራቹን የሥራ ጥራት በአንድ ቁጥር የሚያሳየው እሱ ነው። 2.5 እና ከዚያ በላይ ጥሩ ነው። ከ2 በታች ከሆነ ዋጋው በጣም ካልቀነሰ በቀር ይለፉት። የአሜሪካው ዲዛይንላይትስ ኮንሶርሺየም ለዕፅዋት መብራቶች ባወጣው መስፈርት በ2023 እ.ኤ.አ. በዝርዝሩ ለመግባት ቢያንስ 2.3 ይጠይቅ ነበር። ፒፒኤፉን ጨርሶ የማይጽፍ ሻጭ የሚደብቀው ነገር አለው ብዬ እወስዳለሁ።

ልዩነቱ በየወሩ ክፍያ ላይ ይታያል። 133 ማይክሮሞል ለማግኘት ብቃቱ 2.5 የሆነው መብራት 53 ዋት ይበቃዋል፤ 1.2 የሆነው ግን 111 ዋት ይስባል። በቀን 14 ሰዓት፣ በወር 30 ቀን ሲበራ የመጀመሪያው 22 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ፣ ሁለተኛው 47 ገደማ ይበላል። ኪሎዋት ሰዓቱ 17 ሳንቲም በሚከፈልበት ቤት ይህ ወደ 4 ዶላርና ወደ 8 ዶላር ነው። ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ቢሰላ ልዩነቱ የርካሹን መብራት «ቅናሽ» ይበላዋል።

በጀትዎ ጠባብ ከሆነ የዕፅዋት መብራት የሚል ስም ያለውን መግዛት ግዴታ አይደለም። ለጋራዥና ለመጋዘን የሚሸጡት፣ 120 ሳንቲሜትር ያህል ርዝመት ያላቸው ነጭ የኤልኢዲ ቱቦዎች ጥሩ ያገለግላሉ። ነጭ ብርሃን ከሆነ ሉመኑን ለ70 ሲያካፍሉ ፒፒኤፉን በግምት ያገኛሉ። ባለ 4,000 ሉመኑ ቱቦ 57 ያህል ይሰጣል፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሰቀሉ 114 ይሆናል። 120 በ30 ሳንቲሜትር ለሆነ የቃሪያ ችግኝ መደርደሪያ ይህ ከበቂም በላይ ነው። በዩኤስቢ የሚሠሩት ቆንጣጭ መብራቶች ደግሞ የሚስቡት ብዙ ጊዜ ከ10 ዋት አይበልጥም፤ ለአንድ መትከያ ጤና አዳም ያግዛሉ፣ ለመደርደሪያ አይሆኑም።

ስለ ቀለሙ

ሐምራዊ የሚመስለው፣ ቀይና ሰማያዊ ዳዮድ ብቻ የያዘው መብራት ለዓመታት «ትክክለኛው የተክል መብራት» ተብሎ ተሸጧል። መነሻው እውነትነት አለው፤ ቅጠልን አረንጓዴ የሚያደርገው ክሎሮፊል ይበልጥ የሚመጠው ሰማያዊና ቀይ ነው። ከዚህ ተነሥቶ «አረንጓዴው ብርሃን አይጠቅምም» ማለት ግን ስሕተት ነበር። ኪት ማክሪ የተባለው ተመራማሪ በ1972 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት 22 የሰብል ዓይነቶችን በየቀለሙ ብርሃን መርምሮ አረንጓዴውም ለምግብ ሥራ በደንብ እንደሚውል አሳይቷል። እንዲያውም አረንጓዴው ወደ ቅጠሉ ውስጥ ጠልቆ ስለሚገባና አልፎም ስለሚወርድ ከሥር ያሉትን ቅጠሎች ይደርሳቸዋል።

ስለዚህ ነጩን ይምረጡ። ነጭ ኤልኢዲ በውስጡ ሰማያዊ ዳዮድ ነው፤ ከላይ የተቀባው ፎስፈር ከፊሉን ወደ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ይለውጠዋል። የቀለም ሙቀቱ ከ3,500 እስከ 4,000 ኬልቪን የሆነው ለሁሉም ይስማማል፤ 660 ናኖሜትር የሆኑ ጥቂት ቀይ ዳዮዶች ከተጨመሩበት ብቃቱ ከፍ ይላል። ለችግኝ ብቻ ከሆነ 5,000 ኬልቪኑን ብመርጥ እወዳለሁ፤ ሰማያዊ ስለሚበዛበት አገዳው አጭርና ጠንካራ ይሆናል። «አልትራቫዮሌትና ኢንፍራሬድ ተጨምሮበታል» ለሚለው ተጨማሪ ገንዘብ አይክፈሉ። ከቀይ አልፎ ያለው ብርሃን እንዲያውም ተክሉን ያስመዝዛል፤ እኛ የምንሸሸው ደግሞ ያንን ነው።

ሌላም ጥቅም አለ። በሐምራዊ ብርሃን ሥር ቢጫ የጀመረ ቅጠልም፣ ከቅጠሉ ጀርባ የተለጠፈ ክሽክሽም አይታይም። በነጩ ሥር ግን በየጠዋቱ በአንድ እይታ ይለያሉ። ብዙዎቻችን ደግሞ ተክሉን የምናስቀምጠው ሳሎን ውስጥ ነው፤ እንግዳ ቡና የሚጠጣበትን ክፍል ሐምራዊ ማድረግ ለማንም ደስ አይልም።

ስድስተኛ፦ አሰቃቀልና ደኅንነት

ለመደርደሪያ ከአንድ ወፍራም አምፖል ይልቅ ዘንግ መሳዩ መብራት ይሻላል፤ ብርሃኑን ከዳር እስከ ዳር እኩል ያሰራጫል። አንድ ነጥብ ላይ የተሰበሰበ መብራት መሃሉን አቃጥሎ ጥጉን ያስርባል። ዘንጎቹን ከቅጠሉ ጫፍ 30 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ አድርገው ይጀምሩ፤ ጠፍጣፋና ኃይለኛውን ከ45 እስከ 60 ሳንቲሜትር። ተክሉ እያደገ ስለሚጠጋው ሰንሰለቱ ወይም ገመዱ ርዝመቱ የሚስተካከል ይሁን። ብርሃኑን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ማዞሪያ ያለው ቢያገኙ ጥቂት ጨምረው ይግዙት። ከሰቀሉት በኋላ በስልክዎ መሃሉንና አራቱን ጥግ ይለኩ፤ ለነጭ ኤልኢዲ ሉክሱን ለ70፣ ቀይ ለተጨመረበት ለ60 ያካፍሉ። ጥጉ ከመሃሉ ከግማሽ በታች ከሆነ መብራቱን ከፍ ያድርጉ፤ ጎንና ጎኑንም ነጭ ሰሌዳ ያቁሙበት። ነጭ ገጽ ከተጨማደደ የአልሙኒየም ወረቀት ይሻላል፤ ብርሃኑን እኩል ይመልሳል።

ውኃና ኤሌክትሪክ በአንድ ቦታ ስለሚገናኙ እዚህ ላይ ቸል አይበሉ። በሰሜን አሜሪካ የዩኤል ወይም የኢቲኤል ምልክት የሌለበትን መብራት አይግዙ። በአውሮፓ የሲኢ ምልክት ያስፈልጋል፤ ሆኖም በአብዛኛው አምራቹ ራሱ የሚሰጠው ማረጋገጫ ስለሆነ ከታወቀ ሻጭ መግዛቱ ይሻላል። ገመዱ ሶኬቱ ጋ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ዞር ብሎ እንዲወጣ ያድርጉ፤ በገመዱ ላይ የወረደ ውኃ ከዝቅተኛው ቦታ ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬት ውስጥ አይገባም። ማከፋፈያውን ወለል ላይ ሳይሆን ግድግዳ ላይ ይስቀሉት። ኃይል የሚቀይረው ሣጥን ስለሚሞቅ በጨርቅ ወይም በመጋረጃ አይሸፈን።

አዲስ አበባ ላለ ዘመድ መብራት መላክ ካሰቡ ኃይል በሚቀይረው ሣጥን ላይ የተጻፈውን ያንብቡ፤ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ በእኛ 220 ቮልት ይሠራል፤ 120 ብቻ የሚል ከሆነ ይቃጠላል። በአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም ቤት ችግሩ የቀኑ ማጠር ሳይሆን የአጎራባች ሕንጻ ጥላና የክረምቱ ደመና ነው፤ አለካኩና ስሌቱ ግን ያው ነው። መብራት ቢጠፋም ተክሉ አይሞትም፤ አንድ ቀን የጎደለው በሚቀጥሉት ቀናት ይካካሳል።

ሰባተኛ፦ ሰዓቱን ይገድቡ

ታይመር ይግዙ፤ በእጅ በማብራትና በማጥፋት ከሁለት ሳምንት በላይ የሚጸና ሰው ጥቂት ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ቢያበሩ 14 ሰዓት ይሞላል። ብርሃኑ ካነሰዎት ወደ 16 ሰዓት ያሳድጉት፤ ከዚያ አይለፉ። ሌት ተቀን የሚበራ መብራት ቲማቲምን በግልጽ ይጎዳዋል፤ ቅጠሉ እየነጣ ቢጫ ይሆናል።

ዘሩ ከመብቀሉ በፊት የሚፈልገው ከብርሃኑ ይልቅ ሙቀት ነው። ኤልኢዲ እንደ ድሮው አምፖል አፈሩን አያሞቅም፤ ቃሪያ ደግሞ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ካላገኘ ሳምንታት ይቆያል። ለችግኝ የሚሸጠው የሚሞቅ ምንጣፍ ወይም ከማቀዝቀዣ በላይ ያለው ሞቃት ቦታ ይጠቅማል። የመጀመሪያው ቡቃያ ብቅ ባለበት ዕለት ግን መብራት ሥር ይግባ፤ በጨለማ ያደረ ቡቃያ አንዴ ከተመዘዘ አይመለስም።

ስምንተኛ፦ ተክሉን አይተው ያስተካክሉ

ከቅጠል እስከ ቅጠል ያለው አገዳ እየረዘመ ከመጣ ብርሃኑ አንሷል፤ መብራቱን ዝቅ ያድርጉ ወይም ሰዓቱን ይጨምሩ። ከላይ ያሉት ቅጠሎች ብቻ ነጥተው ወይም ጫፋቸው ወደ ላይ ተጠቅልሎ የታችኞቹ ደህና ከሆኑ ብርሃኑ በዝቷል። ብርሃን ሲጨምር የውኃና የምግብ ፍላጎቱም ስለሚጨምር ከበፊቱ ቶሎ ቶሎ አፈሩን በጣትዎ ይፈትሹ። በሶብላው የመስኮቱን መስታወት እንዳይነካም ይጠንቀቁ፤ በብርድ ሌሊት መስታወቱን የነካው ቅጠል ይጠቁራል።

መጋቢት ላይ መስኮቱን እንደገና ይለኩ። ከስሌቱ የሚቀነሰው ቁጥር አድጎ ስለሚያገኙት የመብራቱን ሰዓት በዚያው ልክ ያሳጥሩ። ችግኙን ወደ ደጅ ለማውጣት ጊዜው ሲደርስ በአንድ ጊዜ ፀሐይ ላይ አያስቀምጡት፤ በኤልኢዲ ሥር ያደገ ቅጠል አልትራቫዮሌት አይቶ ስለማያውቅ በአንድ ቀትር ይቃጠላል። በመጀመሪያው ቀን አንድ ሰዓት ጥላ ሥር፣ ከዚያ በየቀኑ ጥቂት እየጨመሩ በሳምንት ወይም በ10 ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ ያድርሱት። የሌሊቱ ሙቀት ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ እስኪረጋ ድረስ ግን በሶብላውንም ቃሪያውንም ማታ ማታ ወደ ቤት ይመልሱ።